ቀለም ያልቆጠረ

እኛ ቤት ግድግዳ፣ ከምድጃው በላይ፣
ተሰቅሎ የኖረ አንድ ሥዕል ነበር፤
ወደብ፣ ሁለት ጀልባ፣ ጭጋግ ያዘለ ሰማይ፣
ከታች በስተቀኝ ነጭ ነጭ ክምር።

«ይህ የኛው ሐይቅ ነው» ትል ነበር እናቴ፣ «ነጩም የኛው ጨው፣
የአቬይሮ ጨው ነው፣ አያትሽ በአካፋ ሲዝቅ የኖረው።»
በየፋሲካው ዋዜማ ድንች ለሁለት ቆርጣ
ፊቱን ታሸዋለች፤
ድንቹ ይጠቁራል፣ ሥዕሉ እንደሆነ ጥቂት ላይነጣ።

አጎቴ አውሬሊያኖ ሌላ ነው ነገሩ፤
«የታላቅ ሰው እጅ ነው» ይላል፣ ወይን ሲሞቀው ግንባሩ፤
በአፉ ሸጦት አምሽቶ፣ በአፉ ጣራ ማግሮ፣
ሲነጋ ትምባሆ ይለምናል ዞሮ።

አክስቴ ሉዶቪና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ከገዳም የወጣ ነው፣ በሌሊት፣ ያለ ዋጋ፤
መልሱት» ትለናለች፣ መቁጠሪያዋን ይዛ፤
ለብቻ ስታገኘኝ ግን፣
«ስንት ያወጣል?» ትላለች፣ በጣም ተክዛ።

እናቴ ስትሞት ወንድሜ ቤቱን ወረሰ፣ ለእኔ ጥቀርሻው ደረሰኝ፤
በአንሶላ ጠቅልዬ ወደ ፖርቶ ሄድኩ፣ ዝናብ እየነከሰኝ።

ኤቫሪስቶ የሚባሉ የሥዕል ሐኪም ናቸው፤
ጥጥ በምራቅ ማራስ ነው መድኃኒታቸው።
ፊቱን አላዩትም። ገልብጠው ጀርባውን
ዳሰሱት በጣታቸው፤
«አየሽ ይህን ስፌት? አየሽ የገመድ መግቢያውን?
ሸራ ነው» አሉኝ።
«ሥዕል ሁሉ ሸራ ነው» አልኳቸው።
«አይደለም፣ የኔ ልጅ። ይህኛው ነፋስ ያውቃል።»

ቀዩም የሱቅ ቀይ አይደለም፤ የመርከብ ሆድ የሚቀባ፣
እንጨት እንዳይበሰብስ፣ ውኃ እንዳይገባ።
ጥቁሩ ቅጥራን ነው። ነጩን ግን ሳምንት አጠቡት፤
ከክምሩ መሐል ብቅ አለ የአጥር ጫፍ፣ ሦስት አራት እንጨት።
ጨው አጥር አይቀብርም።
በረዶ ነው።
ይህን ሁሉ ዘመን በድንች ስናሸው የኖርነው
የሰው አገር ክረምት ነው።

«ኒውፋውንድላንድ ይመስለኛል» አሉ፣ «የእናንተ ሰፈር ወንዶች
ኮድ ሊያጠምዱ የሚሄዱበት፣
በመርፌ ዓይን የሚገቡበት ወደብ፣ በሁለት ተራራ ጉሮሮ መሐል ያለበት።
ደግሞ እዪ፣ የመስኮቱ ደፍ ግማሹን ባሕር ጋርዶታል፤
ቆሞ ያየ ሰው እንዲህ አያይም። ተኝቶ ስሎታል።»

ፊርማስ? ፊርማ የለም። ከአጥሩ ሥር ግን አንድ የዘመመ መስቀል፤
እኛ ምሰሶ ብለን ያለፍነው፤ መቃብርም ይመስል።

ወደ ደብሩ ሄድኩ፣ መዝገቡን አስወጣሁ፣
የእናቴን ቅድመ አያት፣ ጀርቫዚዮን፣ ከጋብቻው ገጽ አገኘሁ፤
ከስሙ ጎን ጸሐፊው «መጻፍ ስለማይችል» ብሎ፣
ከሥሩ አንድ መስቀል፣ ወደ ቀኝ አዘንብሎ።

አለቀስኩ እዚያው፣ ካህኑ ፊት፣ ሳላፍር።
ቀለም ያልቆጠረ ሰው፣ ከታመመበት አልጋ፣ ከሰው ባሕር ዳር፣
ለመርከብ የተረፈ ቀለም ለምኖ፣
በተቀደደ ሸራ ላይ፣ ደብዳቤ በሌለው እጁ፣
«ያለሁት እዚህ ነው» ያለ መሰለኝ ለልጁ።

ከዚያ ገጹን ገለጥኩ።
ሌላ መስቀል። ገለጥኩ። ሌላ።
አርባ ሦስት ባል ቆጠርኩ፣ ሁሉም ወደ ቀኝ የዘመመ፤
ወለሉ በሚወዛወዝ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ እጁ እንዲህ ለምዶ ይሆናል፣ ማን ያውቃል።
የጀርቫዚዮ የቀብር ገጽ ደግሞ ከመዝገቡ የለም።

አጎቴ ሰማና፣ «እንግዲያ ምንም አያወጣ» አለ።
ወይኑን ጨለጠና ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆየ፣ ዓይኑን ተከለ፤
«እሺ፣ እሱ ይሁን። ካልተመለሰ፣
ታዲያ ማን አመጣው?» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ እኔ ሳይዞር።
አክስቴ መቁጠሪያዋን አቆመች። እኔም መልስ አልነበረኝ፤
ሥዕሉን በድሮው ሚስማር ሰቀልኩት፣ ግድግዳው የነጣበት ስፍራ ላይ።

ዘንድሮ ለፋሲካ
ድንቹን ቀቅለን በላነው።